ሚኒባስ ላይ የተሰየመ ችሎት



ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲና አያት የሚጭን የሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጮህ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሦስት ይቀረዋል፤ ሲብስም አምስት። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ የለም። ያውቃል፣ ግን ይገባል። ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ረዳቱ በዚያው ቃል ቀጣዩን ሰው ሲጠራ እየሰማ ዝም ይላል፤ አሁን መኪናው ቶሎ እንዲሞላ የሚፈልገው እሱም ነውና። ከአፍታ በፊት የተታለለው ሰው የማታለሉ ባለድርሻ ሆኖ ቁጭ አለ። ቀና ሲል ደግሞ ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚል ስቲከር ተለጥፎ ያነባል፤ አንብቦም በልቡ «እውነት ነው» ይላል።

የዛሬው ዲስኩር ስለ ሰው ጠባይ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ፍርድ የሚነገሩ አጫጭር አባባሎችን ይመለከታል፤ በተለይም የቦሌ፣ የገርጂ፣ የኮተቤና የአያት ሰው ጠዋት ማታ ተጋፍቶ የሚያነባቸውን የታክሲ ጥቅሶች። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲነሳ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ከአባቶች ጥበብ ጥቂት ቆንጠር አድርጎ፣ ታዳሚውን አስቆ ይወርዳል። ሳቁ አይጠላም። ግን አባባል ሁሉ ጥበብ ነው ብሎ መነሳት ጨዋታውን ከመነሻው ያበላሸዋል። አባባል ክርክር ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ማን አቀረበው? በማን ላይ? መቼ? እነዚህ ካልታወቁ አባባሉ ብልህ ይሁን ቂል መናገር አይቻልም።

ታክሲና ክርክር የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። ነጭና ሰማያዊው ሚኒባስ ከተማውን ከመውረሱ በፊት ሰው ፊት ለፊት በተዘረጉ ሁለት አግዳሚዎች ላይ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ የሚሳፈርባቸው፣ ከኋላ የተሸፈኑ ትንንሽ ታክሲዎች ነበሩ። ሕዝቡ «ውይይት» አላቸው። ስሙ የተወሰደው በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ከነበረው የውይይት ስብሰባ ነው፤ ሠራተኛው ወደደም ጠላም ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ንቃት የሚወያይበት ጊዜ ነበር። የከተማው ሰው ስብሰባውን አልሰደበም፤ ያ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። መኪናውን ብቻ ስም አወጣለት። የቀረውን መኪናው ራሱ እየዞረ ተናገረው።

ስም የማውጣቱ ልማድ እስከ ዛሬ አልደከመም። አፍንጫው ሾጠጥ ያለው ቶዮታ «ዶልፊን» ተባለ። በፍጥነቱ ሰው የፈጀው የአይሱዙ ጭነት መኪና «አልቃይዳ» ተባለ። ለየግንባታው አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው፣ በሰሚት፣ በጎሮና በቦሌ አራብሳ መንገዶች ላይ እግረኛ የሚሸሸው ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ወጣለት። የትራፊክ አደጋ ሪፖርት ሰንጠረዥና ገጽ ይፈልጋል። እነዚህ ስሞች በአንድ ትንፋሽ ከሰው፣ መስክረው፣ ፈርደው ይጨርሳሉ፤ ይግባኝም የላቸውም። መቀለጃ ቢመስሉም ቀልድ ብቻ አይደሉም። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ልጆቹን ያጣ ከተማ «ቀይ ሽብር» የሚለውን ስም ለመኪና ሲሰጥ ቃሉን አቅልሎት ነው ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ድንገት የሚመጣ፣ ማንን እንደሚወስድ የማይታወቅ፣ ከሳሽ የሌለው ሞት ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

ወደ ስቲከሮቹ እንመለስ። «ሒሳብ በቅድሚያ» እና «በሩን በቀስታ ይዝጉ» የሚሉት የመኪናው ሕገ ደንብ ናቸው። የሚኒባስ ተንሸራታች በር ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚውል፣ የመንሸራተቻው ሐዲድ ሲበላ ከቦታው የሚወጣና ጥገናው ከባለቤቱ ኪስ የሚከፈል ነገር ነው፤ «በቀስታ» የሚለው ቃል ትህትና የሚመስለው የጋራዥ ሒሳብ ከፍሎ ለማያውቅ ሰው ነው። «ሁሉም ያልፋል» እና «ለሁሉም ጊዜ አለው» የሚሉት ከመላእክትና ከቅዱሳን ሥዕል ጎን የሚለጠፉ ናቸው፤ መገናኛ አደባባይ ላይ መኪና ሲቆላለፍ የመጀመሪያው ትርጉሙ ይጠፋና ስለ መንገዱ የተጻፈ ይመስላል።

እጅግ የሚያስገርሙት ግን ስለ ሰው ጠባይ የተጻፉት ናቸው። ከሃዲ ጓደኛ፣ ምቀኛ ጎረቤት፣ ኪስ አይታ የምትወድ ፍቅረኛ፣ ውለታ የረሳ ዘመድ። አንድ ነገር ሁሉንም ያመሳስላቸዋል፦ «ሰው» የተባለው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ለጣፊው የለበትም። አንባቢውም ሲያነብ ራሱን ከተበዳዩ ወገን ያሰልፋል። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ «ሰው አይታመንም» የሚለውን አንብቦ አሥራ ሁለቱም ስለ ሌላ ሰው ካሰበ፣ የማይታመነው ሰው የት ተሳፍሮ እንደሄደ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚህ መንደር ወጣ የሚል አንድ አባባል አለ፤ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው። ይህ ጸሎት የሚመስል ነገር ክፉን አርቅልኝ ይባል የነበረውን ገልብጦ ክፉውን አቆይልኝ ይላል። ምቀኛ ያለው ሰው ጠንቅቆ ይሠራል፤ በሩን ይዘጋል፤ ሒሳቡን ያስተካክላል። የተናገረው ሰው ስለ ጠላቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ስንፍናም ያወቀው ነገር አለ። ከመቶ ስቲከር አንዱ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የታክሲ ጥቅስ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

የቦታውም ነገር ልብ ይባል። ጥቅሱ ከሾፌሩ ጀርባ ስለሚለጠፍ፣ በመኪናው ውስጥ ካሉት ሁሉ ሊያነበው የማይችለው ሾፌሩ ራሱ ነው። ጋቢና የተቀመጡትም ያመልጣቸዋል። ምክሩ የተሰናዳው ለኋለኞቹ ነው፤ በተለይም ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆነው ለሚጨመሩት።

በድሮው የአገራችን ሥርዓት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን «ዳኘን» ብለው ማቆም ይችሉ ነበር። የተጠራው ሰው ሥራ አለኝ ብሎ ማለፍ ነውር ነበረበት። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ክርክሩ ራሱ ትልቅ ትርኢት ነበር፤ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ነጠላ እያጣፉ፣ ዘንግ እየነቀነቁ፣ ቤት በሚመታ ንግግር ይሟገቱ ነበር። ውርርዱ ማር ይሆናል፤ ሲከርር በቅሎ ይሆናል። ዛሬ ለተራ ንትርክ የምንለው «እሰጥ አገባ» የዚያ ችሎት ቅሪት ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውም በዚያ አደባባይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። ብዙ ሰው ይህን አባባል ለንግግር ችሎታ ምስጋና አድርጎ ይወስደዋል። ቀዝቀዝ ብሎ ለሚያየው ግን ማስጠንቀቂያም ነው፤ ዳኛው የፈረደው በሥራህ ሳይሆን በአነጋገርህ ነው ይላል። እውነት ያለው ግን አፉ የተያዘ ሰው ምን ይዞ እንደሚመለስ አባባሉ አልሸሸገም።

የዛሬው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቦሌ ምድብ ችሎት በላ ልበልሃን አያስተናግድም፤ የጽሑፍ አቤቱታ፣ የሕግ ቁጥር፣ የሰነድ ማስረጃ ይፈልጋል። ደግም አደረገ። አሮጌው ችሎት ግን አልሞተም፤ ወደ ሚኒባስ ተዛወረ።

የመልስ ክርክርን ማየት ይበቃል። ተሳፋሪው መገናኛ ላይ መቶ ብር ሰጥቷል። ጉርድ ሾላ ሲደርስ «ወራጅ አለ! መልሴን» ይላል። ረዳቱ መስኮት መስኮት እያየ «ዝርዝር የለኝም፤ ትንሽ ጠብቅ» ይላል። ትንሽ ማለት ሲኤምሲ ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ስጠውና ይውረድ» ይላሉ፤ ይህ ሽምግልና ነው። ረዳቱ «እማማ፣ ከየት አምጥቼ?» ብሎ ይማልላቸዋል። ያኔ ሞተር ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ማንንም ሳያይ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!» ይላል። መኪናው በሳቅ ይሞላል። ከመቅጽበት የተጨማደዱ ብሮች ከረዳቱ የኋላ ኪስ ይወጣሉ፤ ከደቂቃ በፊት እዚያ አልነበሩም ተብለው የተማለባቸው።

ምን ተፈጠረ? ጎረምሳው ረዳቱን ሌባ አላለውም። ቢለው ኖሮ ድብድብ ነበር። ሹም አለው። ስለ ጉቦኛ ባለሥልጣን የተነገረን አሮጌ አባባል መጠኑን ሳይቀንስ እስከነሹመቱ ለአንድ የታክሲ ረዳት አለበሰው፤ ልብሱ ሲሰፋበት ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ፍርዱ ነው። ይኸው አባባል በመድረክ ላይ በፀረ ሙስና ቀን ቢነገር ሰው ያዛጋል።

ይህን ያላስተዋለ ሰው የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር እርስ በርሱ ይጣላል ብሎ ይወቅሳል። «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ዞር ብሎ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብሎ ሳይጨርስ «ሳይቃጠል በቅጠል» እያለ ያጣድፋል። ወቀሳው የሚገባው እነዚህ አባባሎች የአንድ መምህር ትምህርት ቢሆኑ ነበር። ለሁለት ተሟጋች የተዘጋጁ ናቸው። ደመወዝ ሳይጨመርለት አሥር ዓመት በአንድ የቦሌ ቢሮ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ለኖረ ሰው ስለ ደጃዝማችነቱ መንገር ያስፈልጋል። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጁን ለሚያወጣው ባልደረባው ደግሞ ዝምታ እንደማይነቅዝ ቢነገረው ለቢሮው ሁሉ እፎይታ ነው። የትኛው ለማን ይነገር የሚለው ማስተዋል በሁለቱም አባባሎች ውስጥ የለም፤ ተናጋሪው ከራሱ ማምጣት አለበት።

በዚህ ጥበብ የአገራችን ስመ ጥር ሰው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የጎንደር ሊቅ፣ የዜማና የአቋቋም ሰው፣ በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ቤተ መንግሥት የሚታወቁ፤ በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከእሳቸው ጋር ይያያዛል። ሕዝቡ ግን ሊቅነታቸውን ለካህናቱ ትቶ ቀልዳቸውን ወሰደ። በስማቸው ከሚነገሩት ውስጥ ተረቺ የሆኑበት ጨዋታም አለ። አህዮች የምትነዳ ሴት መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን ዋልሽ፣ የአህዮች እናት?» ቢሏት፣ «እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?» አለቻቸው ይባላል። ይህ ታሪክ በሌሎች ሰዎች ስምም ይነገራል፤ በእሳቸው ላይ የተለጠፈበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። አዋቂውን ያልተማረች ገበያተኛ ስትረታው መስማት ሕዝቡን ደስ ያሰኘዋል። ቅኔ ቤት ሳትገባ የመለሰችው መልስ የሰላምታውን ቃል ተከትሎ መሄድ ብቻ ነበር።

አሁን የአባባል ውበት ሰውን እንዴት እንደሚያሳምን ወደሚያሳይ ጥናት እንግባ። በ2000 እ.ኤ.አ. ማቲው ማግሎንና ጄሲካ ቶፊግባክሽ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ አንድ ጥናት አሳተሙ። ብዙ ሰው የማያውቃቸውን፣ ቤት የሚመቱ የእንግሊዝኛ አባባሎች ወሰዱ፤ የእነዚህኑ ትርጉም ሳይለውጡ ቤት የማይመታ ሌላ ቅጂ አዘጋጁ፤ ከዚያም ሰዎች አባባሉ ስለ ሰው ጠባይ የሚናገረው ምን ያህል እውነት እንደሆነ እንዲመዝኑ አደረጉ። ቤት የመታው የበለጠ እውነት መሰላቸው። «የቃሉን ውበት ከሐሳቡ ለዩ» ተብሎ አስቀድሞ ሲነገራቸው ግን ልዩነቱ ቀነሰ።

ይህ ጥናት በአማርኛ ቢሠራ ምን እንደሚገኝ መገመት አያዳግትም። አማርኛ ምሳሌ ሲናገር ሁለት እግር ይፈልጋል፤ አንደኛው ሐሳቡን ይሸከማል፣ ሁለተኛው ቤቱን ይመታል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ።» ጠጅ በብርሌ መጠጣቱ ነገር በምሳሌ መነገር እንዳለበት ምን ያስረዳል? ምንም። ዛሬ በቦሌ ሆቴሎች ጠጁ በወይን ብርጭቆ ቢቀርብ ምሳሌው አይፈርስም፤ ጠጁም ጠጅ ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ሲባልም አህያዋ አመድ ላይ መንከባለሏ የሰውን ዝምድና አያረጋግጥም። ጆሮ ግን «መዱ» ከ«መዱ» ጋር ሲገጥም ሰምቶ ጉዳዩ የተዘጋ መዝገብ ነው ይላል።

አህያና ጠጅ እስከሆነ ድረስ ጉዳት የለውም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ላይ ሲደርስ ግን ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ። ይህን አባባል ከቤቱ አውጥተን በተራ ቋንቋ እንናገረው፦ ሴት ነገሩን ብታውቀውም የሚወስነው ወንድ ነው። ወዲያው ከታዳሚው አንዱ «ለምን?» ይላል። «ያውቅ» እና «ያልቅ» ይህንን ጥያቄ ለዘመናት አፍነው ይዘውት ነበር፤ ሰዋስዉ እንኳ ለግጥሙ ሲባል ሴቲቱን «ቢያውቅ» ብሎ ወንድ አድርጓታል። መልሱን በመድረክ የሰጠ የለም፤ በሥራ ተሰጠ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ከሆኑት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ቆይተዋል። በእነዚያ ዓመታት ነገሩ የሚያልቀው ሴት በምትመራው ፍርድ ቤት ነበር።

የትምህርት አባባሎች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ከቤተ ክህነት የመጣ ነው፤ ጥምጣሙን ለማሳመር የተቻኮለ፣ ትምህርቱን ግን ያልጨረሰ ቄስ ላይ የተነገረ። «የተማረ ይግደለኝ» ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት ብርቅ በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ ለተማሪ የሰጠው ያልተገደበ ውክልና ነው። ቀልድ ነበር። ከዚያ የ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ፤ የተማሩት ለሁለትና ለሦስት ተከፍለው በየፓርቲያቸው ተሰለፉ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም መግደሉ መጣ። አባባሉ አንድም ፊደል ሳይቀየርበት ከቀልድነት ወደ ትንቢትነት ተሻገረ። ዛሬ ያለ ምሬት የሚናገረው ካለ ወይ በጣም ወጣት ነው ወይ ምርቃት ላይ ንግግር የተሰጠው ሰው ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ግን ከሁሉም ይልቅ ለዘመናችን የተጻፈ ይመስላል። መጀመሪያ ወረቀትን የሚያሞግስ ነበር፤ የተጻፈ ነገር ይጸናል፣ ቃል ይጠፋል ለማለት። ሞኙ ለማነጻጸሪያ የገባ ነው። ዛሬ ግን ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ እያየን ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመሰራጨቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልካቸው ተይዞ እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. በተገለጸው ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከዚያ በፊት የነበረው ወረቀት ምን ይዞ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ለመምህራን ማሠልጠኛነት የኖረው የዛሬው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ነው፤ ከበሩ ፊት በሚያልፉት ታክሲዎች ላይ ስለ ትምህርት የሚለጠፈው ጥቅስ ስለ ገንዘብ ከሚለጠፈው ማነሱ ዕጩ መምህራኑን ሳያሳስባቸው አይቀርም።

አባባል መሰብሰብና መተርጎምም በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው የጠቢባን ፈላስፎችን አባባል ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል፤ አንጋረ ፈላስፋ ይባላል። የዓረብኛው ሥር ባግዳድ ውስጥ በ9ኛው ምዕት ዓመት የሠራው ሐኪምና ተርጓሚ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ጋ ይደርሳል፤ እሱም ከግሪኮች ነው ያመጣው። ስለዚህ ሶቅራጥስ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በግእዝ ይናገር ነበር ማለት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክሎድ ሳምነር ይህንን መጽሐፍ አጥንተው ያገኙት ነገር ደስ ይላል፤ የኢትዮጵያ ተርጓሚ ቃል በቃል አይመልስም፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ለአገሩ ሰው እንዲስማማ ያለዝባል። ጥቅሱ አገር ሲቀይር ጠባዩንም ቀየረ።

የዛሬው ጥቅስ ደግሞ በአዟሪ እጅ ይመጣል። ከኤድና ሞል እስከ መገናኛ መጽሐፍ በክንዳቸው ደርድረው የሚያዞሩት ልጆች ከላይ የሚያስቀምጡት ስለ ስኬት፣ ስለ ባለጠግነትና ስለ አዎንታዊ አስተሳሰብ የተተረጎመውን ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ምክር ለማንም ሰው በማንኛውም ቀን የሚሆን ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። በአሰፋ ጎሳዬ የተመሠረተው አዲስ አድማስ ጋዜጣ በአንጻሩ ርዕሰ አንቀጹን በተረት ጀምሮ በምሳሌ ሲያሳርግ ኖሯል፤ አንባቢው ቅዳሜ ቦሌ ካፌ ቁጭ ብሎ ተረቱ የሳምንቱን የትኛውን ሹም እንደነካ ሲፈልግ ቡናው ይቀዘቅዛል። አንዱ ጥቅስን ከወቅቱ ነቅሎ ይሸጣል፤ ሌላው ከወቅቱ ጋር ሰፍቶ ያቀርባል።

አባባልን ከወቅቱ የመንቀል ችግር ሰብሳቢዎችንም ይነካል። አውሮፓዊው ሊቅ ኤራስመስ በ1500 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ 818 የጥንት አባባሎችን አሳትሞ፣ ሲሞት 4,151 አድርሷቸው ነበር፤ የእሱ ሥራ የሚነበበው ከእያንዳንዱ ሥር በጻፈው ሐተታ ምክንያት ነው። በእኛ በኩል ጣሊያናዊው ኢግናስዮ ጉይዲ የአማርኛ ምሳሌዎችን በ1894 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ፣ ዣክ ፋይትሎቪች በ1907 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አሳተሙ። ባለውለታ ናቸው። ሆኖም ምሳሌው በማን ላይ ሲነገር እንደሰሙት፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን ፊቱን እንዳጠቆረ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ስብስብ የሚሰጠው ጥቂት ነው።

በሚኒባሱ ላይ ይህን ለመመዝገብ ጊዜው እየጠበበ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው የከተማ ባቡር ውስጥ የሾፌር ጥቅስ የለም፤ ሾፌሩም አይታይም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሒሳብ በስልክ በተከፈለበት ሁሉ የመልስ ክርክር ይቀራል፤ ከክርክሩም ጋር ሳቁ። እንደ ራይድና ፈረስ ባሉ የስልክ ታክሲዎች ደግሞ ፍርዱ ኮከብ ሆኗል። ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ፣ ለብቻው፣ በጣቱ ይፈርዳል። ተከሳሹ በችሎቱ የለም፤ የኋላ ወንበር እናትም የሉም።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፎክሎር ተማሪዎችና የኮተቤ ዕጩ መምህራን አንድ የሚሠሩት ነገር አለ። ጥቅሱን ፎቶ ማንሳት አይበቃም። ሾፌሩ ለምን እንደመረጠው፣ ከየት እንደገዛው፣ ከዚያ በፊት ምን ተለጥፎ እንደነበርና ለምን እንደተነሳ ይጠየቅ። ከሥሩ የተቀመጡ ሁለት ሦስት ሰዎችም ምን እንደተረዱ ይጠየቁ፤ መልሳቸው አይመሳሰልም። መስመሩና ቀኑ ይጻፍ። ሾፌሮቹ ለማውራት የሚመቹት ደግሞ ጠዋት በሰልፉ ሰዓት አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መኪናቸው መገናኛ ላይ ተራ ይዞ ሲጠብቅ ነው።